ጠቅ ያላለችው ካዝና

ተጠጉ፣ ተጠጉ፤ ብርዱ በበሩ ሥር ይገባል። ልጄ ሚካል ውስጥ ዒላማ እየሰቀለች ነው፤ እስክትጠራችሁ ሃያ ደቂቃ አናጣም። አንተ ረጅሙ፣ ገና ወንበር ሳትይዝ «ጋሼ አያልነህ፣ የቱ ሽጉጥ ይሻላል፣ አሮጌው ነው አዲሱ?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። እዚህ ሚትቫሕ፣ ይኸው ተኩስ መለማመጃችን፣ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሳፒር ውስጥ ስንት ፋብሪካ፣ ስንት መጋዘን አለ፤ የሁሉም በር ጠባቂ እየመጣ ይጠይቀኛል። ሌላው ሰው በወረቀት ይመልስላችኋል፤ ክብደቱ ይህን ያህል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል እያለ። እኔ የምመልሰው በከርከሮ ነው። ሳቅ፣ ሳቅ፣ ግድ የለም! እኔም ዛሬ ነው የምስቀው እንጂ ያን ቀን ሳቅ የት ነበር!

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ነው፤ ብርዱና ዝናቡ ተባብረው የሚመጡበትን፣ ብርቱካኑ በስሎ ቅርንጫፉን የሚያጎብጥበትን። ሦስት ቀን ሙሉ ከባሕሩ በኩል ሲያወርደው ሰንብቶ ዓርብ ጧት ቀጥ አለ። በመስኮት ሰማዩን እያየሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዘለቀ ነው።

ዘለቀ ከአርማጭሆ ጀምሮ አብሮ አደጌ ነው። ሱዳን በእግራችን አብረን ገብተናል፤ አብረን ተርበናል፤ አብረን ነው እዚህ የደረስነው። እኔ ነቬ ኢታማር የሚባለው ሰፈር እኖራለሁ፣ እሱ ሺኩን ቫቲኪም። ከከተማው ሰሜን፣ ወንዙ አጠገብ ባለ አንድ ፓርዴስ፣ የብርቱካን እርሻ፣ ውሃ አጠጪ ነው። ከርከሮዎቹ እየመጡ ቱቦውን በጥርሳቸው ሲበጣጥሱ፣ የዛፉን ሥር ሲገለብጡ ጊዜ ባለቤቱ እንዲገደሉ ፈቃድ አወጣ። ዘለቀም ሪሻዮን፣ የአደን ፈቃድ፣ እና ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አለውና ሥራው የእሱ ሆነ።

«አያልነህ፣ ተነስተሃል?»

«ከዶሮ በፊት።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ ከርከሮ መትቼ አመለጠኝ። አውራ ነው። ጥጃ ያህላል።»

«የት መታኸው?»

«ኋላ እግሩን ይመስለኛል። ሸምበቆው ውስጥ ገባ።»

«ጠብቀኝ፣ መጣሁ።»

አዳኝ ለአዳኝ ከዚህ በላይ አይለውም። አባቴ ቆላ ወርዶ በውጅግራ ሲያድን አጥብቆ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ የቆሰለ አውሬ ጥለህ ወደ ቤትህ አትገባም። ሕመሙ ያሳብደዋል፤ ቀጥሎ የሚያልፈውን ሰው ነው የሚበቀለው። እዚህ ደግሞ በማግስቱ ሰንበት ነው፤ የከተማው ሰው ልጆቹን ይዞ ወንዙ ዳር የሚንሸራሸርበት ቀን። ሰንበት ሳይገባ መጨረስ ነበረብን።

ልብ በሉ፣ ልንበላው አይደለም! እኛ ከርከሮ አንበላም፣ በእጃችንም አንነካውም። ዘለቀማ ስሙን ከጠራ በኋላ አፉን የሚጉመጠመጥ ሰው ነው። የእኔም ሽጉጥ ለማደኛ አይደለም፤ ለማደን የተፈቀደለት እሱና ጠመንጃው ብቻ ናቸው። ሽጉጥ ለነፍስ ነው፣ ነገር ሲበላሽ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እኔ ግራኝ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ ግራ እጄን በመቀነቷ እያሰረች ቀኜን ለምግብና ለሰላምታ አስለመደችው፤ ለመጥረቢያና ለጥይት ግን አልቻለችኝም። አሮጌዋ ሽጉጤ፣ ሦስተኛው ትውልድ የምትሏት፣ የተሠራችው ለቀኝ ሰው ነው። ጥይት የሚሞላባትን ካዝናዋን፣ ማሕሳኒቷን፣ ወደ ታች የምትለቀው ቁልፍ በግራ ጎኗ ናት። ቀኝ ሰው በአውራ ጣቱ ይጫናታል፤ እኔ በሌባ ጣቴ ነበር የምጎረጉራት። እጀታዋ ላይ ለጣት የተቆፈሩ ቦዮች አሉባት፤ የኔ ጣት ደግሞ ይኸው ወፍራም ነው፣ አንዱም ቦታው ላይ አያርፍም። ሃያ ዓመት እዚህ ሳፒር ውስጥ ፋብሪካ በር ላይ ስቆም እንዲህ እየተነጫነጭን ኖርን። ግን አንድ ቀን አልከዳችኝም። አቧራ በላት፣ ላብ በላት፣ ዝናብ መታት፤ ተኩሺ ስትባል ትተኩሳለች።

ጡረታ ስወጣ አዲሷን ገዛሁ፤ አምስተኛዋን። ኧረ እንዴት ያለች ነገር መሰለቻችሁ! የጣት ቦይ የሚባል ነገር የለ! እጀታዋ የእጅን ልክ ያውቃል፤ ጀርባው ይቀያየራል፣ ትንሽ እጅ ላለው ትንሽ፣ ለእኔ ዓይነቱ ትልቅ። የካዝናዋ መግቢያ አፉ ሰፋ ያለ ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትከቱ ይገባል። ላይኛውን ብረት የሚለቀው መጫኛ በሁለቱም ጎን አለ። ምላጯ ቅቤ! ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ የካዝና መልቀቂያ ከግራ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ለግራኝ! በስድሳ ዓመቴ አንድ ሰው እኔን አስቦ የሠራው ዕቃ አገኘሁ። እያገላበጥኩ ስስቅ ሚስቴ አይታ «በሰርግህ ቀን እንኳ እንዲህ አልሳቅህም» አለችኝ።

አሮጌዋን ሚካል በራሷ የመሣሪያ ፈቃድ ወሰደቻት። እዩት እንግዲህ ነገሩን፤ ሽማግሌው አዲሷን ታጥቆ ይንጎራደዳል፣ ተኩስ አስተማሪዋ ልጅ አሮጌዋን! «አንቺ ልጅ፣ ዘመኑ ጥሎሽ ሄደ» እያልኩ እጎነትላታለሁ። እሷ ደግሞ፣ «አባ፣ የእሷን ጠባይ አውቀዋለሁ። ያንተን አዲሷን ገና አላወቅካትም» ትለኛለች።

መልቀቂያዋን ወደ ቀኝ ያዞረችልኝ ሚካል ናት፤ እዚሁ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ። በአንዲት ቀጭን ብረት ፈትታ፣ አውጥታ፣ ገልብጣ መለሰቻት። ከዚያ አንድ ነገር አስረዳችኝ፤ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በእጇ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። ስለ ካዝናዎቹ ነው፤ ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ፣ ስለ አንድ ጎንና ስለ ሁለት ጎን። በዙሪያችን እንደናንተ ያሉ ስድስት ሰባት ዘበኞች ቆመው ያያሉ። «ገባህ አባ?» አለችኝ። ነቀነቅሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልገባኝም ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለልጁ «አልገባኝም» ይላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ አይደል! ደግሞስ እኛ ስንቱን በመነቅነቅ አሳለፍነው። ከአውሮፕላን ወርደን ወረቀት ሲሰጡን ነቀነቅን፤ ሐኪሙ ሲያስረዳን ነቀነቅን፤ የልጆቻችን መምህር ስትናገር ነቀነቅን። ያንንም ነቅንቄ አለፍኩት።

አሮጌዋን ለሚካል ስሰጣት ሁለት ካዝና ነበራት፤ አንዷን ለራሴ አስቀረሁ። ሃያ ዓመት ጎኔ ላይ የኖረች ናት፤ ታችዋ ላይ በቢላ ምልክት አድርጌባታለሁ። በእኛ ቤት ለአደን ሲወጣ አዲስ ነገር ብቻውን አይወጣም፤ አንድ የተፈተነ ዕቃ አብሮት ይሄዳል። አባቴ አዲስ ጫማ ካደረገ አሮጌ ቀበቶውን አይለውጥም ነበር። እኔም ያን ዓርብ ጧት አዲሷ ሽጉጥ ውስጥ ያችን አሮጌ ካዝና ከተትኩ። ገባች። ጠቅ አላለችም፤ ግን ቆመች። አዲስ ዕቃ ድምፅ የለውም ብዬ ተውኩት። ሳብ አድርጌ መፈተሽ ነበረብኝ፤ ይህንን ለስንቱ ዘበኛ የመከርኩ ሰው ነኝ እኮ! ግን ሚስቴ ከኋላዬ «ቦት ጫማህን አድርግ፣ ጭቃ ነው» እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ሚካል ታች መኪና አስነስታ ትጠብቃለች፤ ልቤ ቀድሞኝ ፓርዴሱ ውስጥ ገብቷል። ወገቤ ላይ አድርጌያት ወጣሁ።

ሚካል ለምን መጣች በሉኝ። ሁለት ልጆች አሏት፣ ዓርብ ደግሞ ሥራዋ ብዙ ነው። «ሁለት ሽማግሌ ከቆሰለ ከርከሮ ጋር? ብቻችሁን አልለቅም» አለች፤ አለቀ።

ሺኩን ቫቲኪም ስንደርስ የዘለቀ ሚስት ወርቅነሽ ደረጃው ላይ ቆማለች። ዘለቀ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ሲያስገባ፣ እሷ ወደ እኔ መስኮት ጎንበስ አለች።

«አያልነህ፣ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። እሱ አይነግርህም። እንደወሰድከው መልስልኝ፤ አደራ።»

«አታስቢ» አልኳት። «አደራሽን ተቀብያለሁ።»

አፌ ቀላል ነው፤ አያችሁ?

ፓርዴሱ ስንገባ ከዛፉ ሁሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ቀይ አሸዋማ አፈር ዝናብ ጠጥቶ ለስልሷል፤ ዱካ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ዘለቀ ትናንት የተኮሰበትን ቦታ አሳየኝ። ተንበረከክሁ። ወይ ደስታ! አርባ ዓመት ፋብሪካና አስፋልት ያስረሳኝ መስሎኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። የፊት ኮቴው ሰፊ ነው፤ ከኋላው ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጥፍሮች ጭምር ጠልቀው ታትመዋል፤ ከባድ አውሬ ነው ማለት ነው። ግራ ኋላ እግሩ ግን አይረግጥም፤ አሸዋውን እየጎተተ መስመር አበጅቷል። ደሙን ዝናቡ አጥቦታል፤ ቅጠሉን ስገለብጠው ግን ከሥሩ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል።

«ሚካል፣ ነይ እዪ» አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። «እንዴት አወቅህ ወዴት እንደሄደ?»

«ግንዱን እዪው። ጭቃውን ያበሰበት ነው። ቁመቱ ከጉልበቴ በላይ ነው።»

«ዋው፣ አባ» አለች። በልጅነቷ ነበር እንዲያ ስትለኝ የሰማሁት። ደረቴ ተነፋ፤ ምን ልደብቃችሁ!

ሦስት ረድፍ ብርቱካን አቋርጠን ተከተልነው። አንድ ቦታ ተኝቶ ነበር፤ ሣሩ ገና አልተቃናም። የተሰበረ ቱቦ ውሃ ይረጫል። ዘለቀ ቱቦውን አይቶ ተራገመ። ከዚያ ዱካው ቀጥ ብሎ የመጨረሻው ረድፍ ጋ ደረሰ። ከረድፉ ወዲያ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ፤ ከቦዩ ወዲያ ሸምበቆና እሾህ የተጠላለፈበት ጥሻ። ነጫጭ ሳቢሳዎች ከሸምበቆው ላይ ይዞራሉ፤ ሊያርፉ ይፈልጋሉ፣ አያርፉም። ዘለቀን በዓይኔ ጠቀስኩት። እዚያ ውስጥ ነው።

ሚካል ሽጉጧን አወጣችና አቀባበለች። እናንተም ተምራችኋል፤ እዚህ አገር ሽጉጥ ጥይት ሳይጎርስ ነው የሚያዘው፤ ሲያስፈልግ ነው የሚቀባበለው። «አባ፣ አንተም አሁን አቀባብል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እኔ ሳወጣ አቀባብላለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።»

ምነው በሰማኋት! እዚያው አቀባብዬ ቢሆን ኖሮ ጉዴ እዚያው በሰላም ይታይ ነበር።

ዘለቀ ከፊት፣ እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላው፣ ሚካል በቀኝ በኩል ራቅ ብላ። ዘለቀ ሸምበቆውን ለማየት የቦዩ ጫፍ ላይ ወጣ። ጭቃው ከእግሩ ሥር ከዳው። አንድ ጊዜ አየሁት፣ ከዚያ የለም! ቦዩ ውስጥ ተንሸራቶ ወርዷል፤ ጠመንጃው በአፈሙዙ ጭቃ ውስጥ ተሰክቷል።

«ጉልበቴ! ጉልበቴ ዞረ!»

ወደ እሱ ስዘል ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጥርስ ሲፋጭ። ከርከሮ ከመምጣቱ በፊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም፤ እኔ መጨረሻ የሰማሁት አርማጭሆ ነው። ሸምበቆው ለሁለት ተከፈለና ወጣ።

አቤት አወጣጥ! ጥጃ ያህላል ያለኝ ዘለቀ ቆጥቦ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ተነስቷል፤ ጭቃና ደም ተለውሶበታል፤ በሦስት እግር የሚሮጥ አይመስልም። ቦዩ ሲያልቅ ጥልቀት የለውም፤ ከዚያ በኩል ዞሮ በእኛ ወገን ወጣና ቀጥታ መጣ። ዘለቀ ከኋላዬ ቦዩ ውስጥ ነው፤ መቆም አይችልም። በእሱና በከርከሮው መካከል ያለሁት እኔ ነኝ።

በግራ እጄ አወጣሁ። እንደ ልማዴ ላይኛውን ብረት ጎትቼ ለቀቅሁ። ያኔ አንድ ነገር ጉልበቴን ነክቶ ወደቀ። አላየሁትም፤ ዓይኔ ከርከሮው ላይ ነው። አነጣጠርኩና ምላጩን ሳብኩ።

ቀጭ።

ጥይት የለም! ዝቅ ብዬ ሳይ ካዝናዋ እግሬ ሥር ጭቃው ላይ ተጋድማለች፤ በቢላ ያደረግሁባት ምልክት ወደ ላይ ሆኖ ያየኛል። ክው አልኩ። ያቺን ልቅም ያለች አዲስ ሽጉጥ ይዣለሁ፤ ከድንጋይ አትሻልም።

ጎንበስ ብዬ ካዝናዋን ላንሳ? ቀና ሳልል ይደርስብኛል። እግሬ አውጪኝ ልበል? ዘለቀን ያገኘዋል። ወርቅነሽ መስኮቴ ላይ ጎንበስ ብላ አደራ ስትለኝ ታየችኝ፤ በእግዚአብሔር፣ ፊቷ ነው የታየኝ። ባዶዋን ሽጉጥ ወደ ፊት ዘርግቼ ቆምኩ። ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ዘለቀ በኋላ «አባትህን ስትጠራ ነበር» አለኝ።

«አባ! ቁጭ በል!»

ሚካል ናት። መስመሯ ላይ ቆሜባታለሁ ለካ፤ ከኋላዬ ሆና መተኮስ አልቻለችም። ልጅ አባቷን ቁጭ በል ስትል! በሌላ ቀን ቢሆን ዞሬ «ማንን ነው?» እላት ነበር። ያን ቀን ቃሉ ሳያልቅ ራሴን ወደ ኋላ ጣልኩት፤ ቦዩ ውስጥ ዘለቀ ላይ ወደቅኩ፤ ጭንቅላቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

አምስት ጊዜ ተኮሰች። ቆጥሬዋለሁ። አሮጌዋ ናት፤ ድምፅዋን ከሺህ ሽጉጥ መሐል ለይቼ አውቀዋለሁ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ጭቃ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቀና ስል አፍንጫው የቦዩ ጫፍ ላይ ነው፤ ከራሴ ሁለት ክንድ አይርቅም። ቁና ቁና ተነፈሰ፤ ሙቀቱ አንገቴን ነካኝ። ከዚያ አቆመ።

በመጨረሻ ከሥሬ አንድ የታፈነ ድምፅ መጣ። «አያልነህ፣ ከላዬ ውረድ። ከርከሮው ቢምረኝ አንተ ልትገድለኝ ነው።»

ሳቅ ያዘኝ። የሳቁ ብዛት እንባዬን አወረደው፤ ወይም እንባው ራሱ ነው የመጣው፣ አልለየሁትም። ዘለቀ ጉልበቱን ይዞ፣ ጭቃ ተለቅልቆ፣ ከቦዩ ውስጥ «ዘራፍ! ያያልነህ ልጅ፣ ገዳይ!» ብሎ ፎከረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለእሪያም ይፎከራል?»

«ለእሪያው ማን ፎከረ? ለልጅቱ ነው!»

ሚካል ግን አልሳቀችም። ከርከሮው መሞቱን በርቀት አረጋገጠች፤ ሽጉጧን ባዶ አደረገች፤ ከዚያ መጥታ ካዝናዬን ከጭቃው አነሳች። ሱሪዋ ላይ ጠረገቻት። ምልክቱን አየችው። አሮጌዋ ሽጉጥ ውስጥ ከተተቻት፤ ጠቅ! ጥርት ያለ ድምፅ። አወጣቻትና አዲሷ ውስጥ ከተተቻት። ምንም። ሽጉጧን አንዴ ነቅነቅ ስታደርጋት ካዝናዋ ተንሸራታ መዳፏ ላይ ወደቀች።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ አሳየችኝ። የአዲሶቹ ካዝናዎች ገላ በሁለቱም ጎን ተቆርጧል፤ አሮጌዋ ግን የተቆረጠችው በአንድ ጎን ብቻ ነው። የመልቀቂያዋ ጥርስ በዚያች ቁርጥ ውስጥ ገብታ ነው ካዝናን የምትይዘው። መልቀቂያዋ በግራ እንዳለች ብትቀር አሮጌዋ ካዝና አዲሷ ሽጉጥ ውስጥ ደህና ትሠራ ነበር፤ ለእኔ ለግራኙ ሲባል ወደ ቀኝ ስትዞር ግን ጥርሷ የምትገባበት አጣች። እስክትወድቅ ድረስ ተጣብቃ ነበር እንጂ አልተያዘችም። ይኼው ነው ነገሩ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር።

ዘለቀን በትከሻችን ደግፈን ወደ ፓርዴሱ የውሃ ቧንቧ ወሰድነው። ለባለቤቱ ደወልንለት፤ ሬሳውን የሚያነሱትን ሰዎች ጠራ። ዘለቀ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አፉን ይጉመጠመጣል። እኔ እጄን ስታጠብ ሚካል አጠገቤ ቆመች።

«አባ፣ ያን ቀን ስነግርህ ገብቶህ ነበር?»

ውሃውን ዘጋሁት። ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሁሉም ውሸት ነው።

«አልገባኝም ነበር» አልኳት።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በሕይወቴ ይህን ቃል ለእሷ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቧንቧውን ይዛ አለቀሰች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ሲገባህ አንዴ ነው የምትነቀንቀው፤ ሳይገባህ ሁለቴ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መምህሬ ጋ፣ ሐኪም ጋ፣ ሁለቴ ስትነቀንቅ ቤት ስንገባ እንደገና በአማርኛ እነግርህ ነበር። ያን ቀንም ሁለቴ ነቀነቅህ፤ አየሁህ። ሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ረሳሁት።»

እኔ እሷን አፍሬ፣ እሷ እኔን አክብራ፣ ዘለቀን ልናስበላው ነበር። እርጥብ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አደረግሁና መረቅኋት።

ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ሺኩን ቫቲኪም ደረስን። ወርቅነሽ ደረጃው ላይ ናት፤ ከዚያ የተነሳችም አይመስለኝ። ዘለቀ በእኔና በሚካል መሐል እየተንጠለጠለ ሲወርድ ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንደወሰድከው አልመለስከውም» አለችኝ። «ያነክሳል።» ከዚያ እኔንም እሱንም አንድ ላይ አቀፈችን፤ ጭቃችንን ሳትጸየፍ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? አዲሷ ዛሬም ይኸው ወገቤ ላይ ናት፤ እወዳታለሁ፣ በራሷ ካዝና ብቻ። አሮጌዋም ይኸው የሚካል ወገብ ላይ ናት፤ ነፍሴን አትርፋለች። ያቺን ባለምልክት ካዝና ደግሞ ጥይቷን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ እይዛታለሁ፤ እንኩ፣ ንኳት፣ ተቀባበሏት። ሌላው ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ አለ፤ ማንበብ ትችላላችሁ።

እኔ እዚህ የምቀመጠው ግን ለሽጉጥ ብዬ አይደለም። ሚካል ጧት ስታስረዳችሁ እዚያ ጥግ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደምትነቀንቁ ስቆጥር ነበር። እናንተም እንደኛ መጣችሁ፤ ዕብራይስጡ ገና ነው፤ ነውር የለውም። ይኸው በሩን ከፈተች፣ ልትጠራችሁ ነው። አንተ ረጅሙ፣ አንተ ቆይ። ሁለቴ ነው የነቀነቅኸው። የቱ ጋ ነው ያልገባህ?